የማክሰኞ ቅቤ

ብዙ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅቤ አለ። አንዱ ለእንግዳና ለበዓል ይቀመጣል። ሌላው የዘወትር ነው። ሲኒም ሁለት ዓይነት ነው። አንሶላም፣ ጋቢም፣ አንዳንድ ቤት በርበሬም ጭምር። እኔ ባደግኩበት ቤት የሳሎኑ ቡፌ ውስጥ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች ነበሩ። የሚወጡት ለገና፣ ለፋሲካ እና ሽማግሌ ሲመጣ ነው። እኛ ልጆቹ በፕላስቲክ ኩባያ ነበር የምንጠጣው።

ይህን ባህል እወደዋለሁ። ያለንን ምርጡን ለሰው እንሰጣለን። ራሳችን በሽሮ ውለን ለእንግዳ ዶሮ እንሠራለን። ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን የራሴን ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ነው። እንግዳም ሁልጊዜ አይመጣም። የቀረው ዕድሜያችን ተራ ቀን ነው። ለዚያ ተራ ቀን ምን አስቀምጠናል?

እኔ ማክሰኞን መርጫለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። ሰኞ የሥራ መጀመሪያ ነው። ሐሙስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሸታል። ቅዳሜና እሑድ የለቅሶ፣ የሰርግና የማኅበር ናቸው። ማክሰኞ ግን ባለቤት የለውም። እና ጨመር አድርጌ የምከፍልባቸው ነገሮች ሁሉ ማክሰኞ ማታ ቤቴ ውስጥ የምጠቀምባቸው ናቸው። ሰው ኖረም አልኖረም።

ጊዜው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደመወዝና አስቤዛ ጭራሽ ተራርቀዋል። ብዙ ቤት የሚታሰበው ምን እንደሚጨመር ሳይሆን ምን እንደሚቀነስ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ መኪናና ስለ ስልክ አይደለም። በኪሎ፣ በሲኒ እና በክንድ ስለሚገዙ ነገሮች ነው። ከሌላ ቦታ ትንሽ ቆረስ አድርጎ ሊደረስባቸው ስለሚችል ነገሮች።

ከቡና ልጀምር።

የቡና መገኛ አገር ነን። ከምናመርተው ውስጥ ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣዋለን። ግን የትኛውን ግማሽ? ለረጅም ዓመታት የውጭ ገበያን ደረጃ ያሟላ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለች። ውጤቱም ግልጽ ነው። ለእኛ ሲቀር የኖረው ተጣርቶ የወደቀው ነው። የተሰባበረው፣ ነቀዝ የበላው፣ ሳይበስል የተለቀመው። እናቶቻችን ሰፌድ ላይ አፍስሰው አንድ ባንድ ሲለቅሙት የኖሩት ይህንን ነው። ከዚያ አጥበው፣ ቆልተው፣ በዝንጅብልና በጤና አዳም አጅበው ያንን ቡና እንደገና ሰው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ጥበቡ የእጃቸው ነበር።

ውጭ ያለው ሰው ግን ለስሙ ብቻ ይከፍላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ያመለከተው ለዚህ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያንን ዜና የሰማሁ ጊዜ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ሲያትል ያለ ሰው የይርጋጨፌን ጣዕም ከሐረር ለይቶ ያውቃል። እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ቡና «ቡና» ብቻ ነበር።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ፒያሳ ያለው ቶሞካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና እየቆላ አለ፤ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቡና የሚቆሉ ሌሎች ብዙ ቤቶች ተከፍተዋል። ከረጢታቸው ላይ ቡናው ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን በደረቁ የተዘጋጀ ይጽፋሉ። እኔ ወሩ ሲጀምር አንድ ኪሎ ጥሩ ጥሬ ቡና እገዛለሁ። ዋጋው ከሰፈር ሱቁ በደንብ ይበልጣል። ስከፍል ግን አይቆጨኝም።

ለምን አይቆጨኝም? አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ እሸት መለቀም አለበት። ጥሩ ቡና ላይ የሚለቀመው ቀዩ ብቻ ነው። አረንጓዴው እዚያው ዛፉ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ቀን ተመልሰው ይመጡለታል። በደረቁ የሚዘጋጀው ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሰው ቆሞ ያገላብጠዋል። ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ሲከር ይሸፈናል። አብዛኛውን ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የተበላሸውን ይለቅማሉ። የምጨምረው ብር ሁሉ እነሱ ጋ ይደርሳል አልልም። በመሃል ብዙ እጅ አለ። ግን ያ ሁሉ ድካም ሲኒው ውስጥ ይሰማኛል። የታጠበ ይርጋጨፌ ሲቆላ ቤቱ አበባ አበባ ይላል። በደረቁ የተዘጋጀ ሐረር ደግሞ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ይህን ልዩነት ማወቅ ራሱ ደስታ ነው። በሕይወቴ ሙሉ በደጄ ሲያልፍ የኖረ ነገር ነበር።

ቡና ብቻውን አይጠጣም። እኔም ብቻዬን አልጠጣም። ግድግዳ የምንጋራ እማማ አሉ። መጀመሪያ የቀመሱት ቀን አቦሉን ፉት ብለው ሲኒውን ይዘው ቀሩ።

«ይሄማ የበዓል ቡና ነው። ማን ሊመጣ ነው?»

«ማንም አይመጣም እማማ። እርስዎ ነዎት።»

ዝም አሉ። ከዚያ ቶናውን ጠጡ፣ በረካውንም ጠጡ፣ መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሲቆላ ይመጣሉ። አንዳንዴ የሚወዱትን ያዛሉ፤ «ያንን አበባ አበባ የሚለውን አድርጊ» ይሉኛል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ሲያፈሉ ኖረው አሁን ነው የሚመርጡት።

ወደ ቅቤው ልመለስ። ስለ ቅቤ ብዙ የምለው አለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅቤ መግዛት የመተማመን ጉዳይ ነው። ሙዝና የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ቅቤ በየጊዜው ተይዞ ዜና ሆኗል። በተለይ በዓል ሲደርስ ይብሳል። የሚያውቅ ሰው ቀንሶ እጁ ላይ ያሸዋል፣ ያሸታል፣ ቀለሙን በብርሃን ያያል። እናቴ ታውቅበታለች። እኔ ግን የማውቀው የምታውቅ ሴት ደንበኛ መያዝ ነው። ቅቤዬ የሚመጣው ከሸኖ አካባቢ ነው። ሸኖ በደብረ ብርሃን መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ቅቤዋ ስም አለው። ብርዱ፣ ሣሩና ላሞቹ ተባብረው ነው እዚያ ያደረሱት። ስሙ እንዲህ ስለተወደደ ሸኖን በዓይኑ ያላየ ቅቤ ሁሉ «የሸኖ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ለዚያ ነው ለማምናት ሴት ጨምሬ የምከፍለው። የምከፍለው ለቅቤውም ለቃሏም ነው።

ለጋ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ። ለጋው ለፀጉርና ለቂንጬ ነው። እኔ ለወጥ መካከለኛውን እወዳለሁ። ሲነጠር ቤት መዋል ያስፈልጋል። ቀስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል። አረፋው ይገፈፋል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ እርዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል። ኮሰረት ላይ አልቆጥብም። ቅቤን ቅቤ የሚያደርገው ኮሰረቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማይስማማ ካለ ኮሰረት የሌለበትን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ይፍረድ። ኮረሪማውንም ፍሬውን ከነልጣጩ ገዝቼ ራሴ እፈለፍላለሁ። የተፈጨው ርካሽ ነው፤ ሽታው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

እናቴ አንድ ማክሰኞ መጥታ ይህን ቅቤ ሽሮ ላይ ሳደርግ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ! ይሄን ቅቤ ሽሮ ላይ?»

«አዎ እማዬ።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«አንቺ መጣሽ አይደል?»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

ይህ ጥያቄዋ ብዙ አስተከዘኝ። በእሷ ስሌት ጥሩ ቅቤ የሚገባው ለእንግዳ ነው፤ እሷ ደግሞ እንግዳ አይደለችም። የቤቱ ሰው ስለሆነች አይገባትም ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ አስባ ኖረች? ምርጡን ብልት ለእኛ አድርጋ፣ የዶሮውን ክንፍ ይዛ ከማጀት ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ «እኔ እኮ ክንፍ እወዳለሁ» ስትለን እናምናት ነበር። አሁን የእናቴ ዕድሜ ሲገፋ ሳይ የምፈልገው ክንፍ የማትወድበትን ማክሰኞ ነው። ሽሮዋን በላች። እንጀራ ጨመረች። ስትሄድ ትንሽ ቅቤ በጠርሙስ ቋጥሬ ሰጠኋት። «ለፋሲካ አስቀምጠዋለሁ» አለች። «አይሆንም እማዬ፣ ነገ ረቡዕ ነው፣ ሐሙስ ብይው» አልኳት።

ጾሙም ነገሩን ያጎላዋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ አለ። የሚጾም ቤት ቅቤ የሚቀምሰው ካሰብነው ባነሰ ቀን ነው። ታዲያ በሚፈቀደው ቀን የሚቀመሰው እውነተኛ ይሁን እንጂ። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ወደ ጥሩ ኑግና ሰሊጥ፣ ወደ ጥሩ የሽሮ እህል አዞረዋለሁ። የጾም ምግብ ዝቅ ያለ ምግብ መሆን የለበትም።

ጤፍ ላይ ሐሳቤ ትንሽ ይለያል። እዚህ ላይ ውድ የሚባለው ሁሉ የሚገባው አይመስለኝም። ከሁሉ ውዱ ማኛ ነው። ነጭ ነው፤ እንጀራው መሶብ ላይ ሲዘረጋ ያምራል። አድአ፣ ምንጃር፣ ጎጃም በነጭ ጤፋቸው ይታወቃሉ። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ እንዲህ የተወደደው ንጣቱንና ምርታማነቱን አብሮ ስለያዘ ነው። ሰው ለንጣት ይከፍላል። ግን ንጣቱ በዋናነት የሚያገለግለው የእንግዳን ዓይን ነው። ቤት ውስጥ ለራሴ ስበላ ሰርገኛ እመርጣለሁ። ነጩና ቀዩ ተቀላቅሎ የሚገኘው ነው። ጣዕሙ ደልደል ያለ ነው፣ ከወጥ ጋር አይጠፋም። ቀይ ጤፍ ድሮ የድሃ ይባል ነበር። አሁን ብረት አለው ተብሎ ሐኪም የሚያዝዘው ሆኗል።

እኔ ጨምሬ የምከፍለው ለንጣቱ ሳይሆን ለንጽሕናው ነው። ጤፉን በእህልነቱ ገዝቼ፣ አስነፍቼ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ አስፈጫለሁ። በገበያ ከሚሸጠው እንጀራ ብዙው ሩዝ ወይም ሌላ እህል ገብቶበታል። ሻጯን አልፈርድባትም፤ ጤፉ በዚህ ዋጋ እንዴት ታዋጣዋለች? ግን ሙሉ ጤፍ የሆነ እንጀራ ማታም ሲበላ ጠዋትም ሲበላ ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አይሰባበርም። ሆድ ላይም ቀላል ነው። የምትጋግርልኝ ሴትም አለች። ኤርሾዋን አትለውጥም፣ አብሲት ትጥላለች፣ አትቸኩልም። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ለእሷም ከሌላው ጨመር አድርጌ እከፍላታለሁ፤ ጠይቃኝ ሳይሆን አይቼው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ይህንን ስነግራት ትስቃለች። አሜሪካ ውስጥ ጤፍ አለ፤ አይዳሆ ላይ እንኳ ይዘራል። እዚያው የሚጋገር እንጀራም በየሱቁ ሞልቷል። እሷ ግን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣውን ነው የምትገዛው። ከዚህ ጥሬ ጤፍ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲከለከል እንጀራው ግን ይወጣ ነበርና፣ ከምጣድ የወጣው ሁሉ ውቅያኖስ ይሻገራል። ዋጋው ይበልጣል። «የውሃው ነው» ትላለች፤ «የአዲስ አበባ ውሃ የለበትማ!» ውሃው ይሁን፣ አየሩ ይሁን፣ ናፍቆቱ ይሁን አላውቅም። ዱባይና ጅዳ ሠርተው የሚኖሩ ልጆችም ሻንጣቸው ውስጥ በሶና ሽሮ ይዘው ነው የሚሄዱት። ለኪሎ ትርፍ ጭነት ይከፍላሉ። ለበርበሬ የተከፈለ ትርፍ ጭነት ከሁሉ የምረዳው ወጪ ነው።

ጋቢዬን ሳልጠቅስ ብቀር ቅር ይለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የነሐሴ ማታ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንለብሰው ከቻይና የመጣ ብርድ ልብስ ነው። ይሞቃል፣ ርካሽ ነው፣ ሁለት ክረምት አይደግምም። እኔ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጥሩ ጋቢ ገዛሁ። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡን ከአባት ተቀብለው ነው እዚህ የተከሉት። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ፈትሉን የምትፈትለው ሴት እንዝርቷን ይዛ ስንት ቀን እንደተቀመጠች ማሰብ ነው። አራት ድርብ ሆኖ ሲሰፋ ክብደቱ ትከሻ ላይ ይሰማል። የእጅ ፈትልና ማሽን የፈተለው በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በእጅ ሲዳሰሱና ሲታጠቡ ግን ይለያሉ። የእጅ ፈትል በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ሻጩ ዋጋውን ሲጠራ አልተከራከርኩም። ሁልጊዜ እከራከራለሁ፤ ለሽንኩርት እከራከራለሁ፣ ለታክሲ እከራከራለሁ። እንዝርት ላይ ግን አልቻልኩም።

«የዕለት ጉርስ የዓመት ልብስ አይንሳሽ» ብለው ሲመርቁኝ አሁን ይህ ጋቢ ትዝ ይለኛል። ምርቃቱ ውስጥ ትልቅ ነገር የለም። ጉርስና ልብስ ነው። ሁለቱንም ጥሩ አድርጎ ማግኘት ግን ብዙ ነው።

ከቤት ውጭ የምከፍልለት አንድ ነገር ፍልውሃ ነው። ይህችን ከተማ ያመጣት እሱ ነው። የንጉሡ ሠፈር እንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃው ወረዱ። ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከተማችን የተቆረቆረችው አንዲት ሴት ሙቅ ውሃ ስለወደደች ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ቤቴ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ በባልዲ ይሞላል፣ በማንቆርቆሪያ ይሞቃል። እና ሰውነቴ ሲደክም ፍልውሃ እሄዳለሁ። እንደ ክፍሉ ደረጃ ዋጋው ይለያያል። እኔ ከፍ ያለውን እይዛለሁ። በሩ ይዘጋል። ከመሬት ሥር የመጣ ውሃ ገንዳውን ይሞላል። ስልክ የለም፣ ሰው የለም። ስወጣ አጥንቴ ሌላ ነው። በዚያ ብር ምሳ ውጭ መብላት ይቻላል። ምሳው ግን ሰዓት አይቆይም።

ሌሎች ትንንሾች አሉ፤ አልፌ አልፌ ልጥቀሳቸው። ዝናብ ሲጥል ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ከምቆም ራይድ እጠራለሁ፤ በተለይ እናቴ ከጎኔ ካለች። ጫማዬን ራሴ መጥረግ እችላለሁ፤ ግን ሰፈራችን ያለው ሊስትሮ ልጅ ማታ ይማራል፣ ሥራውንም በጥንቃቄ ይሠራል። እጣን ስገዛ የኦጋዴኑን እጠይቃለሁ። የትግራዩም ደስ ይላል፣ ግን የኦጋዴኑ ጭሱ ቀለል ይላል፣ ዓይን አይቆጠቁጥም።

አበባም እገዛለሁ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ናት። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱ ላይ የሚበቅለው ጽጌረዳ ማታ አውሮፕላን ላይ ይጫናል፤ ብዙም ሳይቆይ ሆላንድ ነው። እዚህ ግን አበባ ለሰርግ፣ ለምረቃና ሆስፒታል ለተኛ ሰው ነው። አንድ ሰው ያለ ምክንያት አበባ ይዞ ሲገባ ሰፈሩ «ምን ተገኘ?» ይላል። ምንም አልተገኘም። አንድ እቅፍ ጽጌረዳ ውሃ ውስጥ ከገባ ሳምንት ይቆያል። ከቤታችን በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የበቀለ አበባ አምስተርዳም ባለ ጠረጴዛ ላይ ሲያምር የእኔ ጠረጴዛ ላይ የማያምርበት ምክንያት አይታየኝም። ያየችው እናቴ ናት፤ «ማን ታሞ ነው?» አለችኝ።

ገንዘብ የማልጨምርባቸውም አሉ። የታወቀ ብራንድ ስም የተጻፈበት ልብስ፣ ስልክ በየዓመቱ መቀየር፣ ሰው ለማየት የሚኬድበት ቤት የሚጠጣ ማኪያቶ። እዚያ የሚከፈለው ለመታየት ነው። መታየት ደስ የሚለው ሰው አለ፤ አልከራከርም። እኔ ግን የከፈልኩበትን ነገር ምላሴ፣ ቆዳዬ ወይም አፍንጫዬ ካላወቀው ለምን እንደከፈልኩ ይጠፋኛል። ከእኔ ጋር ቤት የሚኖረው ሰውም አብሮኝ ካልቀመሰው ብዙ አይጣፍጠኝም።

ቀጥሎ ዓይኔን የጣልኩበት ማር ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ማር አምራች ናት፤ እኛ ቤት ግን ማር መድኃኒት ነበር። ጉንፋን ሲይዘን በማንኪያ፣ በሎሚ። ብዙ ቀፎ የሚቆረጠው ከክረምት በኋላ ነው። ሜዳው በአደይና በሌላውም አበባ ተሞልቶ ንቦቹ ጠግበው ሲሠሩ ቆይተው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲሱ ማር ገበያ ይወጣል። የምፈልገው ነጩን የትግራይ ማር ነው። ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋ ቅቤ ይመስላል። ብዙ ሰው የረጋ ማር ሲያይ ስኳር ገብቶበታል ብሎ ይሸሻል። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ ተፈጥሮው ነው።

አንዱን ጠርሙስ እናቴ ቤት እወስዳለሁ። ቡፌው ውስጥ ልታስቀምጠው እንደምትፈልግ ከአሁኑ አውቃለሁ። ክዳኑን እዚያው ከፍቼ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ የመጀመሪያውን ራሴ አጎርሳታለሁ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ማር ነው፣ ለእንግዳ አይሆንም ትላለች።